ልጅ እናቱን ጦሮ ደመወዝ ይቀበላልን?

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ደቀ መዝሙሬ፥ አልጋ የያዘች እናቱን እየጦረ ከመንግሥት ደመወዝ ለመቀበል ማመልከቻ ማግባት ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የነገሩ አኳኋን እንዲህ ነው። ገንዘቡ በአመዛኙ የሚወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ከታወጀው፥ ሜዲኬይድ ከሚባለው የድኾች ሕክምና ርዳታ ነው። የአውራጃው ሠራተኛ ወደ ቤት መጥቶ፥ ማጠቡን፥ ማልበሱን፥ ማጉረሱን በሰዓት ይቈጥራል፤ ልጁም የጣት አሻራውን ሰጥቶ ከወንጀል ንጹሕ መሆኑ ከተመረመረ በኋላ በተቈጠረው ሰዓት ልክ ይከፈለዋል።

ሕሊናውን የወጋው ይህ የሰዓት ቈጠራ ነው። እናቴ ያጠባችኝን ሰዓት ማን ቈጠረው? ይላል።

እኔንም በመጀመሪያ ቀፈፈኝ፤ ወላጅን ማክበር ትእዛዝ እንጂ ቅጥር አይደለምና። ኋላ ግን የሙሴን እናት ዮካብድን አሰብሁ። የገዛ ልጇን አጥብታ ከፈርዖን ልጅ ደመወዝ ተቀበለች፤ ስለ ደመወዙ ግን ወተቱ የሞግዚት ወተት አልሆነም። ደግሞስ ይህ ልጅ ሥራውን ትቶ ቢጦራት በምን ይበላሉ? ወደ ሥራው ቢሄድስ ማን ያነሣታል? ገንዘቡ ጊዜውን ከሌላ ጌታ ይዋጅለታል።

እንግዲህ አመልክት፤ ያልሠራህበትን ሰዓት ግን አትጻፍ፤ የተቈጠረልህ ሰዓት ካለቀ በኋላም በሌሊት ውሃ ብትለምንህ ተነሥ፤ ብዬ ጻፍሁለት።