ሐሰተኛ የተባለው ፍጥረት

ሰው ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ መመርመር ይወዳል፤ እኔም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለሁም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ አጠገብ፣ አንዲት አረጋዊት እናት ከእንሰታቸው ሥር የረገፈውን ደረቅ ቅጠል ሲሰበስቡ አብሬ ሳግዝ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ፣ ስምንት እግርና ሁለት መቆንጠጫ ያለው ፍጥረት ከእርጥቡ ብስባሽ መካከል ብቅ አለ። «ጊንጥ!» ብዬ በጫማዬ ረገጥሁት። እርሳቸውም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ምን አደረገህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ነገሩን ከመጻሕፍት ብመረምር ጊንጥ አለመሆኑን ተረዳሁ። ጅራትም መንደፊያም የለው፤ ያለችውም መርዝ በመቆንጠጫው ውስጥ ሆና ለጥቃቅን ነፍሳት ማደኛ ናት እንጂ ሰውን አትጎዳም። እናቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ሥር በከረጢት ተሸክማ፣ ከሰውነቷ በሚመነጭ ምግብ ጽንሶቿን ታሳድጋለች። አንዳንዱም ሩቅ አገር ሲያምረው በዝንብ እግር ተንጠልጥሎ ይጓዛል። ወገኖቹ በዓለም ላይ ከ3,000 ዓይነት በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በአሮጌ መጻሕፍት መካከል ስለሚኖር አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመት በፊት ጅራት እንደሌለው ትንሽ ጊንጥ አድርጎ ጠቅሶታል። (እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች እንግዲህ የጥንት ጎረቤቶቹ ነን።)

ሊቃውንት ከግሪክ ቃል ያወጡለት ስም ግን ሲተረጎም «ሐሰተኛ ጊንጥ» ማለት ነው። ይህ ስም እጅግ አሳዘነኝ። እርሱ መቼ ጊንጥ ነኝ አለ? ያመሳሰልነው እኛ፣ የተሳሳትነውም እኛ፤ ሐሰተኛ የተባለው ግን እርሱ ሆነ። ባለጉዳይ በመልኩ ወይም በዘመዱ ስም ተመዝኖ ከደጅ ከተመለሰ በኋላ፣ ስሕተቱ ሲገለጥ «ራሱ ነው ያሳሳተን» ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ብያለሁ።

ሌላ ቀን ወደ እኒያ እናት ሄጄ፣ ያ ፍጥረት ጥቃቅን ተባዮችን እያደነ እንደሚኖር፣ ጥቅም እንጂ ጉዳት እንደሌለው አስረዳኋቸው። ስናገር ግን ራሴን ታዘብሁት። የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ መርገጤ ትክክል ሊሆን ነበርን? እርሳቸው የጠየቁኝ «ምን ይጠቅማል?» ብለው አልነበረም።

ንግግሬን እስክጨርስ ታገሡኝና፣ የያዙትን እቅፍ ቅጠል መልሰው ከእንሰቱ ሥር አለበሱት።