መምህር የተማሪው መካሪ ይሆን ዘንድ ይገባዋልን?

መምህር ለተማሪው ያለበት ዕዳ እስከ ምን ድረስ ነው? ትምህርቱን በሰዓቱ ገልጦ ካስተማረ፣ ፈትኖም የሚገባውን ነጥብ ከሰጠ ዕዳውን ከፍሏልን? ወይስ ተማሪው እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ዐውቆ መምከር ይጨመርበታል? ይህን የምናነሣው፣ በትምህርት ቤቶች እያንዳንዱ መምህር ጥቂት ተማሪዎችን ተረክቦ በየጊዜው እያነጋገረ እንዲመክራቸው ሥርዐት ይቁም የሚል ሐሳብ ስላለ ነው። ሐሳቡን የሚነቅፉ ሰዎች፣ ምክር የወላጅና የንስሐ አባት ፈንታ ነው፤ መምህር የተቀጠረው ለትምህርት ነው ይላሉ። ነቀፋው ከንቱ ስላልሆነ በችኰላ አናልፈውም።

በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ያደገ ሰው ጥያቄው ራሱ እንግዳ ይሆንበታል። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ በመምህሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይበላል። ቅኔውን በቃሉ ሲነግር የኔታ የሚሰሙት ሰዋስዉን ብቻ አይደለም፤ ድምፁ የሰለለው ታሞ እንደ ሆነ፣ ተርቦም እንደ ሆነ፣ ከባልንጀራውም ተጣልቶ እንደ ሆነ ያስተውላሉ። ከእርሳቸውም በታች ጀማሪውን የሚያቀና አስነጋሪ አለ። (አለንጋም እንደ ነበረ አልዘነጋንም፤ አለንጋውን ከምክሩ ጋር አደባልቆ የሚያወድስ ሰው ግን ሁለቱን አልለያቸውም።) ከሁሉ የሚበልጠው፣ ተማሪው መምህሩን ራሱ መርጦ መምጣቱ ነው። ትምህርቱ ወይም ጠባዩ ያልተስማማው እንደ ሆነ አኮፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ቢሻገር የሚከለክለው የለም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን የትምህርት ዕቅድ ለአንድ ክፍል የተወሰነው ቍጥር በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥበትም ስፍራ ብዙ ነው። የክፍል ኃላፊ የተባለው መምህር ስም ይጠራል፣ ካርድ ይሞላል፤ ከዚህ አልፎ ልጁን ለማወቅ ጊዜ የለውም። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ፈጽመው ብሔራዊውን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በ2015 ዓ.ም. ተነገረ። ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ተባለ። እኛ የምንጠይቀው ግን ይህን ነው፤ ከቀሩት ልጆች እያንዳንዱ ውጤቱን ባየበት ቀን ወደ ማን ሄደ? 12 ዓመት ሙሉ ካስተማሩት መምህራን መካከል፣ ና ልጄ፣ እስቲ ተቀመጥ የሚለው አንድ ሰው ነበረውን?

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየ አማቱ ዮቶር፣ ሥራው ከዐቅሙ በላይ መሆኑን ነግሮ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው (ዘፀ. 18)። የዐሥር አለቃ መሾሙን ልብ እንበል። ዐሥር ሰው በስሙም፣ በቤቱም፣ በጠባዩም ሊታወቅ ይችላል። ቀላሉ ነገር በታች እንዲያልቅ፣ ከባዱም ወደ ሙሴ እንዲወጣ ሆነ። እንግዲህ መምህራን ይምከሩ የሚለው ሐሳብ አዲስ ፈሊጥ አይደለም።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ ከፊተኛው የከበደ ነቀፋ ይነሣል። ነጥብ የሚሰጠውና የሚቀጣው መምህር መካሪ ከሆነ፣ ተማሪው ልቡን እንዴት ይገልጥለታል? ሌሊት ሲሠራ አድሮ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ልጅ ምክንያቱን ሲናገር፣ የሚናገረው ለዳኛው ነውን ወይስ ለአባቱ? እኛ እንደሚመስለን፣ በምክር ጊዜ የተነገረ ቃል ወደ ቅጣት መዝገብ ፈጽሞ መግባት የለበትም። የተመደበለት መካሪ ያልተስማማው ተማሪም ያለ ሐተታ ወደ ሌላ ይዛወር። የቅኔ ተማሪ የነበረው መብት ለዚህኛው ስለ ምን ይነፈጋል?

ከዚህም የሚያስቸግር አለ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ በጥር ሊድሩኝ ነው፤ አደራ፣ ለማንም አይንገሩብኝ ብላ ለመካሪዋ ነገረችው እንበል። ዝም ቢል ልጅቱን አሳልፎ ሰጠ፤ ቢናገር አደራዋን በላ፤ ከዚያ ወዲያ ምሥጢሩን የሚያካፍለው ልጅ አያገኝም። መልሱ የሚገኘው በዚያ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ ነው። መካሪው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሕይወታችሁንና አካላችሁን የሚጎዳ ነገር የሰማሁ እንደ ሆነ ብቻዬን አልይዘውም ብሎ ለልጆቹ ሊነግራቸው ይገባል። የማይጠብቀውን ቃል የሰጠ ሰው በኋላ ሁለት ጊዜ ይበድላል። በሚናገርበትም ጊዜ ከእርሷ ተደብቆ አይሁን፤ ለማን እንደሚናገር ነግሯት፣ የምትፈራውንም ጠይቋት ይሁን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ይህን ስንል ወደ ራሳችን፣ ወደ ካህናት ሳንመለከት አናልፍም፤ መምህሩ ሊያስቀረው የደከመበትን ጋብቻ ካህኑ የልጅቱን ዕድሜ ሳይጠይቅ ቢባርከው፣ የመምህሩ ድካም ምን ፍሬ ያፈራል?

የንስሐ ምሥጢር ከዚህ የተለየ ነው። የንስሐ አባት የተናዘዙለትን ኀጢአት ለማንም አይገልጥም። መካሪው መምህር ይህን ሥልጣን አልተቀበለምና ልጁን ኀጢአትህን ንገረኝ አይበለው፤ የሌላ ሃይማኖት ልጆችም በፊቱ እንደሚቀመጡ ያስብ። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ በሮጠ ጊዜ፣ ዔሊ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተውሎ የሚመልሰውን ቃል አስተማረው፤ ወደ መኝታውም መልሶ ሰደደው እንጂ በእርሱ ፈንታ አልመለሰም (1ሳሙ. 3)። ወደ 11ኛ ክፍል ሲያልፍ የተፈጥሮ ሳይንስ ልማር ወይስ የኅብረተሰብ ሳይንስ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅም መካሪው መንገዱን ያሳየው እንጂ አይምረጥለት።

የቀረው የስፍራና የጊዜ ነገር ነው። ምክር በር ተዘግቶ አይደረግ፤ ሰው በሚያይበት ነገር ግን በማይሰማበት ስፍራ፣ በግቢው ዛፍ ሥር ቢሆን ይበቃል። 15 ልጆች የያዘ መምህር ለእያንዳንዱ በወር ሩብ ሰዓት ቢሰጥ ድምሩ አራት ሰዓት አይሞላም። ይህ ጊዜ ከዕረፍቱ የሚነጠቅ ከሆነ ግን ሥርዐቱ ከአንድ መንፈቅ አያልፍም፤ ከሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ ሊቀነስለት ይገባል። ተማሪዎች ሁሉ ለመምህራኑ ቢከፋፈሉ ለአንዱ 30 ወይም 40 ሊደርስበት የሚችል ትምህርት ቤት፣ ይልቁንም በሁለት ፈረቃ የሚያስተምረው፣ በ7ኛና በ8ኛ፣ እንዲሁም በ12ኛ ክፍል ብቻ ሊጀምር ይችላል። ልጃገረዶችን የሚመለከተው ግን የጥር ሠርግ ከመድረሱ አስቀድሞ በኅዳር ይጀመር።