ምስጢር ነው ወይስ አማና?



አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በ41 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሞቿ ደሟን መርምረው ቢአርሲኤ 1 በተባለው ዘረ መል ላይ በውርስ የመጣ ጉድለት እንዳለ ነገሯት። እናታችንም ገና በወጣትነቷ ጡቷን ታማ ነው ወደ አኼራ የሄደችው። እህቴ ደውላ «ለእህቶቻችን ንገርልኝ፤ የምክር ባለሙያዋም ለቤተሰብ የሚሆን ደብዳቤ ሰጥታኛለች» አለችኝ።

እኔ ግን ሦስት ወር ዝም አልኩ። አክስቴን ባማክራት «ተው ልጄ! ልጃገረዶቹ እንዲህ ያለ ነገር በደማቸው አለ ከተባለ ማን ያገባቸዋል? አላህ የሸፈነውን አንተ ልትገልጥ ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ምክሯ ተስማማኝ።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ይህ ዘረ መል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር፤ በ1994 ራሱ ዘረ መሉ ተለይቶ ታወቀ። በአሜሪካ ከ100 ሴቶች 13 ያህሉ በዕድሜ ዘመናቸው የጡት ካንሰር ሲይዛቸው፣ ጉድለቱን ከወረሱት ግን ከ100 ከ60 በላይ የሚሆኑት ይያዛሉ። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርም ያሰጋቸዋል። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው። እንግዲህ ጉዳዩ እኔን ወንዱንና ሁለት ሴት ልጆቼንም ይነካል ማለት ነው።

«ሁሉም በቀደር ነው፤ ማወቁ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን አስረዷቸው። ወሬውን የነገሯቸው የጦር አዛዦች «ሰው ይሸበራል» ብለው ቢደብቁ ኖሮስ?

ሰትር ማለት የሰውን ገመና ከሰፈር ወሬ መጠበቅ ነው። የእህትን ሕይወት ከራሷ ከባለቤቷ መደበቅ ግን ሰትር ሊባል አይችልም። የአንዷ የምርመራ ውጤት የሌላዋም ጉዳይ ነውና በእጄ ያለው አማና ነበር። በሽታው ኃጢአት አይደለም፤ ውጤቱም ራሱ በሽታ አይደለም። ጉድለቱ የተገኘባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ በኤም አር አይ ክትትል ልታደርግ ትችላለች፤ ቀዶ ሕክምና የሚመርጡም አሉ። ያልወረሰችው ደግሞ ከከንቱ ሥጋት ታርፋለች።

በእርግጥ መንገር ሌላ፣ ማስገደድ ሌላ ነው። የምክር ባለሙያም ቢሆን ያስረዳል እንጂ አይወስንም። አልመረመርም ያለች መብቷ ነው፤ ምርመራውን ማግኘትም ለሁሉም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሳታውቅ እንዴት ትመርጣለች?

በመጨረሻ ነገርኳቸው። አንደኛዋ አለቀሰች፤ መመርመር እንደማትፈልግም ነገረችኝ። አክስቴ እስካሁን ተቀይማኛለች። ታናሿ ግን «ሦስቱን ወር በምን መብትህ ወሰድክብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ምስጢር የያዝን ካለን ባለቤቱ ማን እንደሆነ እናስብ። አላህ አማናውን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።