«ተቀበል!» ያለው ማን ነበር?

አዲስ አልበም ሲወጣ ከዘፈኑ በፊት የዘፋኙ ፊት ይደርሰናል። ድሮ በካሴት ቤቱ በርና በታክሲው የኋላ መስታወት ላይ ይለጠፍ የነበረው ፎቶ አሁን በየስልካችን ይመጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከዚያ ዘፈኑ ይከተላል። ሚኒባሱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ አንዱን ዘፈን ይይዙና አይለቁም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ልጆቻችን በቃላቸው ይወጡታል። እኛም «ጫጫታ ነው» እያልን ከርመን በሦስተኛው ሳምንት ፊታችንን ስንታጠብ እናንጎራጉረዋለን።

መቼም የእኛ ሰው ዘፈን ወደደ ማለት በአብዛኛው ግጥሙን ወደደ ማለት ነው። «ምን እንዳለ ሰማህ?» ይባባላል። «አቤት አባባል! እንዴት ቢያስበው ነው በናትህ?» ይህን ስንል በሐሳባችን የሚመጣው የዘፋኙ ፊት ነው፤ ያው ፖስተሩ ላይ ያየነው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ያሰበው እኮ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ግጥሙን የጻፈ አለ፣ ዜማውን የደረሰ አለ፣ ያቀናበረ አለ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚሠሩ ዘፋኞች የሉም ማለቴ አይደለም። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን፣ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ»ን ሲያወጣ ምስጋናውም ወቀሳውም ወደ አንድ አድራሻ የሄደው ለዚህ ነው። አብዛኛው ዘፈናችን ግን የሦስትና የአራት ሰው ሥራ ነው። እኛ የምናመሰግነው አንዱን ነው። ታዲያ ይህ በደል ነው ወይስ እንዲሁ ግዴለሽነት? የሰውን ቃል እየዘፈኑና እያዘፈኑ የባለቃሉን ስም አለማወቅ ያስጠይቃል?

«ምን ያስጠይቃል!» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ቁም ነገረኛ ሰዎች ናቸውና መከራከሪያቸውን ማቃለል አይገባም። «ድሮስ ግጥም ባለቤት ነበረው?» ይላሉ። «የሽለላው፣ የፉከራው፣ የእንጉርጉሮው ግጥም የማን ነው? አዝማሪው ሲዘፍን ግጥም የሰጠውን ሰው ስም ይጠራ ነበር? ስም ስም የሚለው ነገር ከፈረንጅ የመጣ ነው። የእኛ ባህል ግጥምን የሁሉም አድርጎ ነው የኖረው።»

ጥሩ። እንግዲያው ወደ አዝማሪ ቤት እንግባ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በመካከል ይዞራል። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ብርሌውን ያስቀምጥና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ይሰጣል። ሰውዬው ሁለት ስንኝ ያቀብለዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እውነት ነው፣ «ይህ ግጥም የእገሌ ነው» ያለ የለም። ግን ለምን ይባላል? ሰውዬው እኮ እዚያው ተቀምጧል! ሁሉም ዞር ብሎ አይቶታል። ውዳሴው የታለመላት ሴት ከማን እንደመጣላት ታውቃለች። አሽሙሩ የነካው ሰውም ከማን እንደተወረወረ ያውቃል፤ ጠብ ቢነሣ የሚነሣው ከአዝማሪው ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው።

ስለዚህ ያ ሰው ስም አልባ አልነበረም። ስሙ ያልተጠራው አካሉ ስለተገኘ ነው። ስም የሚያስፈልገው ሰውየው በሌለበት ነው። በፊታችን ለቆመ ሰው «እገሌ የሚባል ሰው እንዲህ አለ» አንልም፤ በሌለበት ቃሉን ስናደርስ ግን «እገሌ እንዲህ ብሏል» ማለት የመልእክተኛ ግዴታ ነው። ይህ ከፈረንጅ አልመጣም። የቅኔ ቤት ሰዎች «ቅኔ ዘረፈ» ሲሉ ማመስገናቸው ነው፤ ሊቁ ሳይዘጋጅ ከራሱ አፍልቆ ተቀኘ ማለታቸው ነው። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን እዚያው ቅኔ ቤት ነውር ነው። አንዱ ዘረፋ ያስከብራል፣ ሌላው ያዋርዳል። አባቶቻችን ሁለቱን አሳምረው ይለዩ ነበር።

ወዳጆቼ አንድ ነገር ይጨምራሉ። «የድሮው ግጥም ሰጪ እኮ ጭራሽ ከኪሱ አውጥቶ ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። የዛሬው ገጣሚ ክፈሉኝ ማለቱ ምንድነው?» ይላሉ። ልብ በሉ፤ ያ ሰው ዋጋውን ተቀብሏል። ቤቱ ዞሮ አይቶታል፤ መልእክቱ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ደርሶለታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የዛሬው ገጣሚ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሰፈሩ ሙዚቃ ቤት የእሱን ቃል ሲያስጮኸው ይሰማል፤ ዞሮ የሚያየው የለም። በዚህ ላይ ሙያው ነው፣ ልጆች ያሳድግበታል።

ነገሩ የተለወጠው ዘፈን ከቤት ሲወጣ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ችግር አልነበረም፤ ገጣሚውም ድምፃዊውም እሳቸው ነበሩ። ኋላ ዘመን ኦርኬስትራው መጣ፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊት። ገጣሚው ለብቻ፣ ዜማ ደራሲው ለብቻ፣ ድምፃዊው ለብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መሆኑን እያወቀ ደፍሮ የራሱን ሸክላዎች ማውጣት ጀመረ። ካሴቱ ተከተለ። ዘፈን አገር ላገር ዞረ፤ ድምፁ ከሸክላውና ከካሴቱ ጋር ሲጓዝ ቃሉን ያቀበለው ሰው ወደ ኋላ ቀረ።

ካሴት ግን አንድ ደግነት ነበረው፤ ሽፋን ነበረው። ገዝተን ቤት ስንገባ ያችን የታጠፈች ወረቀት እንዘረጋለን። በደቃቅ ፊደል «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ከየዘፈኑ አጠገብ ስም ይሰፍራል። ይልማ ገብረአብን፣ አለምፀሐይ ወዳጆን ብዙዎቻችን በዘፈን ገጣሚነት የተዋወቅናቸው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። ዛሬ አንዳንዱ አልበም በዩቲዩብ ሲለቀቅ ስሞቹ ከቪዲዮው ሥር ይጻፋሉ፤ ምስጋና ይድረሳቸው። ነገር ግን ያንን የሚከፍት ስንት ነው? ዘፈኑ ተቆርጦ በቲክቶክና በቴሌግራም ሲዞር ደግሞ ያቺም ጽሑፍ ትቀራለች። ወረቀቷ ቢያንስ ከካሴቱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነበረች።

የዘመኑን ወጣት ለመውቀስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። እስቲ ሁላችንም በአንድ ፈተና እንቀመጥ። ከዘፈኖች ሁሉ ቆመን፣ ደረታችንን ነፍተን የምንዘምረው ብሔራዊ መዝሙሩን አይደል? የማን ግጥም ነው? በንጉሡ ዘመን የተዘመረው ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የደርግ ዘመኑ ግጥም የአሰፋ ገብረማርያም ተሰማ፣ ዜማው የዳንኤል ዮሐንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ጸድቆ ዛሬ የምንዘምረው ደግሞ ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ነው። ሦስት መንግሥት፣ ሦስት መዝሙር፣ ስድስት ሰው። ከስድስቱ ስንቱን ታውቁ ነበር? አገር በሙሉ በየማለዳው ቃሉን የሚደግምለት ሰው በመንገድ ቢያልፍ አናውቀውም። እንግዲህ በመዝሙሩ ያልታመንን በዘፈኑ እንዴት እንታመን?

አሁን ለዘፋኙ ልከራከርለት። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የታወቁ ዘፈኖችን ግጥም በወረቀት አባዝቼ ለተማሪዎቼ እሰጥ ነበር። «ደራሲውን ጻፉ» ስላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም የዘፋኙን ስም ይጽፋሉ። ይህ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነበር። ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብለው ሲያነቡት ብዙው ይቀዘቅዛል። በዘፈን ስንሰማው የሚያስለቅሰን ስንኝ ወረቀት ላይ ተራ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዘፋኙ ሌባ አይደለም። ቃሉ ነፍስ የሚዘራው በእሱ ጉሮሮ ነው። ደግሞም ፊቱን የሚያሰጠው እሱ ነው። ግጥም ለሳንሱር ይቀርብ በነበረበት ዘመንም ሆነ ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከቀረ በኋላ፣ አንድ ስንኝ የከነከነው ባለሥልጣን ቀድሞ የሚጠይቀው ዘፋኙን እንጂ ገጣሚውን አይደለም። ክብሩን ብቻ ሳይሆን መዘዙንም ይሸከማል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ የአንዱ ድርሻ ትልቅ መሆኑ የሌላውን ስም ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም። የሠርግ ቤት ወጥ ያጣፈጠችው ወይዘሮ ብትመሰገን በጉን ያረባው ገበሬ ምን አጎደለባት? ስም እንደ ዳቦ አይደለም፤ ለሌላው ሲቆረስ አያንስም። በ2012 ዓ.ም. ያረፈውን ኤልያስ መልካን አስቡት። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ያቀናበረ ሰው ነው። መድረክ ላይ ጎልቶ ባይታይም አድማጭ ስሙን ያውቀው ነበር፤ «የኤልያስ ሥራ ነው» ተብሎ የተገዛ አልበም አለ። በዚህ ምክንያት ዘሪቱ አላነሰችም፣ እዮብም አላነሰም። እንዲያውም እኛ ጆሯችን ተገራ፤ የማን እጅ የት እንዳረፈ መለየት ጀመርን። ኤልያስ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን ሙዚቃ በስልክ የሚሸጥ መተግበሪያ ሲጀምር ያሰበውም ሥራው ገንዘብ ሲያመጣ ገንዘቡ ለሠሪዎቹ ሁሉ እንዲደርስ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል ካላችሁ፣ ሕጉስ ከእኛ ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሁለት መብት ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው። አንድ ገጣሚ የኢኮኖሚ መብቱ በእጁ ባይኖርም እንኳ የሥራው ደራሲ መሆኑ እንዲታወቅለት መጠየቅ ይችላል። ግጥሙን ሸጠ ማለት ስሙን ሸጠ ማለት አይደለም። እዚያው አንቀጽ ውስጥ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፦ ደራሲው ከፈለገ ስሙ እንዳይገለጽ ወይም በብዕር ስም እንዲወጣ የማድረግ መብትም አለው። በፍርሃትም ይሁን በትሕትና፣ «ስሜን ተዉት» ያለውን ሰው እንተወዋለን። መደበቅ የባለቤቱ ምርጫ ሲሆን ክብር ነው። ሳይጠየቅ ሲደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አዋጅ ግን ፍርድ ቤት ድረስ ነው የሚሄደው፤ ጁስ ቤት አይገባም። እኛ ጋ ያለው ልማድ የሚያሳፍር ነው። የገጣሚውን ስም የምንሰማው መቼ እንደሆነ አስተውላችኋል? ሲታመም ነው። «የዚህን ዘፈን ግጥም የደረሰው እገሌ ሕመም ጸንቶበት የወገን እርዳታ ይፈልጋል» ይባልና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። «ውይ! ለካ ያ ዘፈን የሱ ነው?» እንላለን፤ ሃምሳ ብር እንልካለን፤ ደግ ሰው የሆንን ይመስለናል። ያልታመመው ደግሞ ሲሞት ይታወቃል፤ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ዕዳውን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ኋላ ምጽዋት ሲሰጥ ቸር ሊባል ይገባል? አይመስለኝም። ዕዳ ዕዳ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ማሽን ግጥም መጻፍና ዜማ ማውጣት፣ የሰውን ድምፅ መምሰልም ችሏል። ማንም «ተቀበል» ሳይለው የሚዘፍን አዝማሪ መጣልን ማለት ነው። በዚያ ዘፈን ውዳሴውን የላከ ሰው የለም፤ አሽሙሩ ቢያቆስል የሚጠየቅ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ዘፈን ከሰው ልብ መምጣቱን የሚያስረዳልን ዋናው ምስክር ስም ነው። ስሙን የመጠየቅ ልማድ ከሌለን ግን ለእኛ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሰው ሥራ ሲቀር እንኳ መቅረቱን አናውቅም።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» የሚል ሕዝብ ነን። እኔ ግን ከመቃብር በታች ሳይሆን ከመቃብር በፊት ያለው ስም ነው ያሳሰበኝ። ሬዲዮ ላይ ዘፈን የምታሰሙ፣ ዘፈኑ ሲጀምር ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ ለመናገር አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ዘፋኞች፣ ጭብጨባው ሲበዛላችሁ አንድ ጊዜ እጃችሁን ወደ ገጣሚው ዘርጉ፤ ወንበሩ ላይ ከሌለ ስሙን ጥሩት። እኛም «እንዴት ቢያስበው ነው?» ብለን ስንደነቅ አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ ማን ነው ያሰበው? ምናልባት ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ምናልባትም ያችን ዘፈን በምንሰማበት ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሒሳቡን ለረዳቱ እያቀበለ ነው።