«ሰኞ ገበያ» የምን ስም ነው?

ጥያቄው ለደሴ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሰኞ ገበያ ሰኞ ገበያ ነዋ! ዳሩ ግን አንባቢ ለአፍታ ታግሦ ቢያስብበት ይህ አንድ ስም ብዙ ሸክም ተሸክሞ እንደሚኖር ያስተውላል። ሰኞ ሰኞ ሻጭና ገዢ የሚገናኝበት ቦታ ነው። በዚያ ዙሪያ የበቀለ ሰፈርም ነው፤ ማክሰኞም ሐሙስም ሰው ይኖርበታል፣ ይዳርበታል፣ ይቀበርበታል። የክፍለ ከተማ መጠሪያም ሆኗልና በማኅተም ላይ ይታተማል። ባጃጅ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ መውረጃው ነው። ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ላለ ከብት ነጂማ «የሰኞ ገበያ» ቢሉት ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ባቲ ነው፤ የባቲ ገበያም የሚውለው ሰኞ ነውና።

በንግግር ጊዜ ይህ ሁሉ አያስቸግርም። «የምኖረው ሰኞ ገበያ ነው» ያለን ሰው እህል መካከል አንጥፎ የሚተኛ አድርጎ የሚረዳው የለም። ካርታ ግን እንዲህ ያለውን ወለም ዘለም አይወድም። ነጥብ አድርግ ወይም ክልል ሥራ፣ ገበያ በል ወይም ሰፈር በል፣ ምረጥ ይላል። የመረጠ ሰው ደግሞ የተወውም ነገር አለ። የዛሬው ጨዋታዬ በዚህ ምርጫ ላይ ነው፤ በተለይም የሚመርጡት ሰዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ሹመት የሌላቸው፣ ፊት ለፊት እንኳ የማይተዋወቁ በሆኑ ጊዜ።

ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን ክፍት ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ሲጀምረው ሐሳቡ ቀላል ነበር። መንግሥትና ኩባንያ ካርታን በገንዘብ የሚሸጡ ከሆነ፣ ሰዎች ተረዳድተው የራሳቸውን ሠርተው ለሁሉም በነፃ ይስጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ ላይ መንገዱንና ጣሪያውን ይነድፋሉ፤ በእግሩ የሚዞረው ደግሞ የትምህርት ቤቱን፣ የመስጊዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በምድር መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ የፖርቶፕሪንስን ዝርዝር ካርታ በቀናት ውስጥ ሠርተው ለነፍስ አዳኞች ያደረሱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

መሥመር መሳሉ ቀላሉ ሥራ ነው፤ አስቸጋሪው መሰየሙ ነው። በዚህ ካርታ ላይ ማንም ሰው ለአንድ ነገር የፈለገውን መለያ መጻፍ ይችላል፤ የሚከለክል ሹም የለም። አዲስ መለያ ያሰበ ሐሳቡን ለውይይት ያቀርባል፤ ሳምንታት ይከራከሩበታል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሰጪዎቹ ሦስት አራተኛው ከደገፉት ጸደቀ ይባላል። የሚገርመው፣ የጸደቀውም ቢሆን ማንንም አያስገድድም። ሰው ከተጠቀመበት ይኖራል፤ ካልተጠቀመበት መዝገብ ላይ ይቀራል። አሠራሩ ከሕግ ይልቅ ቋንቋን ይመስላል። እኛም «ተሽከርካሪ» የሚል ቃል ቢሮ ውስጥ እንጽፋለን፤ መንገድ ስንሻገር ግን የምንጮኸው «መኪና! መኪና!» እያልን ነው።

ችግሩ መለያዎቹ የተወለዱት እንግሊዝ አገር መሆኑ ላይ ነው። የቤቱ፣ የመንገዱ፣ የመጠጥ ቤቱ ዓይነት ሁሉ በመጀመሪያ የተቆረጠው በዚያ አገር ልክ ነው። እስቲ አንድ ቅን ወጣት ከሩቅ አገር ሆኖ የኮምቦልቻን ዋና መንገድ ሊሰይም ተቀመጠ እንበል። ከፎቶ ላይ «ቡና ቤት» የሚል ጽሑፍ አነበበ። መዝገበ ቃላት አገላበጠ፤ ቡና ማለት ቡና ነው፣ ቤት ማለት ቤት ነው። ስለዚህ ቡና የሚጠጣበት ቤት ብሎ ጻፈ። አንባቢ ግን በአገራችን ቡና ቤት ምን እንደሚቀዳበት ያውቃል! ቀጥሎ «ሆቴል» የሚል አየ፤ የመኝታ ምልክት አኖረበት። ቤቱ ግን ሽሮና ጥብስ እንጂ አልጋ ኖሮት አያውቅም። ወጣቱ አልዋሸም፤ ያየውን ጻፈ። ያየው ግን ፊደሉን ነው፣ ነገሩን አይደለም። ከሰማይ ሲያዩት እኮ የገለባ ክምርም ጎጆ ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ማረም ያን ያህል አይከብድም። ስሙን እንዳለ ትተህ ዓይነቱን በሚሠራው ሥራ ትለያለህ። የአፍሪካ መንገዶች ነገርም በዚሁ መንገድ ነው መላ ያገኘው። አውሮጳ ውስጥ ዋና መንገድ ሲባል አስፋልት መሆኑ የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን ስንቱን የወረዳ ከተማ ከዞን ከተማ ጋር አገናኝቶ የኖረ ፒስታ መንገድ አለ። በአስፋልቱ ከተለካ ይህ ሁሉ የእርሻ መንገድ ሊባል ነው። ስለዚህ በአፍሪካ የመንገድ ደረጃ የሚወሰነው በሚሰጠው አገልግሎት ነው፣ ልባሱ አስፋልት ይሁን ጠጠር ለብቻው ይመዘገባል በሚለው ተስማሙ። ጥሩ ስምምነት ነው፤ መለያው ወደ ነገሩ እንዲጠጋ አድርጎታልና።

ስም ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይጠጥራል። የክፍት ካርታ ሰዎች «መሬት ላይ ያለውን ጻፍ» የሚል ዋና ደንብ አላቸው። ሹሙ የወሰነውን ወይም አንተ የምትመኘውን ሳይሆን፣ በቦታው ያለ ሰው የሚጠራበትን ስም ጻፍ ማለታቸው ነው። የመንገድ ስም በየማዕዘኑ በተለጠፈበት አገር ይህ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሰሌዳውን ታነባለህ። የእኛ ሰፈሮች ግን ሰሌዳ የላቸውም። የጠላ ቤት ምልክት እንኳ በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ እንጂ ፊደል አይደለም። ሰሌዳ ያለበትም ቦታ ቢሆን ከሰው አፍ ጋር ላይገጥም ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ «አፍሪካ ጎዳና ውሰደኝ» ቢሉት ባለታክሲው ግራ ይጋባል፤ «ቦሌ መንገድ» ሲሉት ነው የሚገባው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ያንን ድርጅት ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ ስሙ ግን አለ። ታዲያ «መሬት» የሚባለው ማን ነው? ሰሌዳው? ማዘጋጃ ቤቱ? ባለታክሲው?

«ስም ምን ያደርጋል፣ ሰው ቦታውን ካገኘ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ተራ አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ምጥ የያዛት ሴት ባል ለአምቡላንስ ሲደውል ስለ ቦታ ስም ታሪክ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ይጠራል፤ ያ ስም ካርታው ላይ ከሌለ መኪናው ይዘገያል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ካርታው ፊት ላይ የሚወጣው ስም መመረጥ ያለበት በዚህ ደዋይ ሚዛን ነው። እሱ «ሰኞ ገበያ» ካለ ሰኞ ገበያ ይሁን፤ ይፋዊው መጠሪያ ሌላ ቢሆን እንኳ ይፋዊው በይፋዊው ቦታ ይቀመጥ። ካርታው ለዚህ ቦታ አለው፤ ለይፋዊ ስም፣ ለድሮ ስም፣ ለሌላ ስም፣ ለየቋንቋው አጠራር የየራሱ መዝገብ ተበጅቶለታል።

ነገር ግን የደዋዩ ሚዛን ብቻውን አይበቃም። ደዋዮች ሁለት ሲሆኑስ? አንዱ አዳማ ሌላው ናዝሬት እያለ ሲጣራ ኖሯል። አዳማ ነባሩ ስም ነው፤ ናዝሬት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በይፋ ወደ ነባሩ ተመለሰ። ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው ስሙን የሚጠራው ማንንም ሊያስቀይም ላይሆን ይችላል፤ የልጅነቱ ስም ነው። አዳማ የሚለውም ከአያቱ የወረሰውን እየጠራ ነው። እዚህ ላይ አንዱን ማስቀደምና ሌላውን መሰረዝ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ያሻል። አንድ መስመር ላይ አንድ ስም ስለሚበቃ ማስቀደም ግድ ነው፤ ምክንያቱም ይነገራል፣ ነገም ይለወጣል። መሰረዝ ግን «እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም» ማለት ነው፤ ይህን ለመናገር የሦስት አራተኛ ድምፅ ቀርቶ የሁሉም ድምፅ አይበቃም።

ደሴ ራሷ ምስክር ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ በዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው በደስታ ሰየሟት ይባላል። ከዚያ በፊት አገሩ ላኮመልዛ ይባል እንደነበረም ሽማግሎች ያወራሉ። ዛሬ ላኮመልዛ ብሎ አምቡላንስ የሚጠራ የለም። በደዋይ ሚዛን ከለካነው ስሙ ዜሮ ነው። ግን ማን ነው የሚሰርዘው? በየትኛውስ ሥልጣን?

«መሬት ላይ ያለውን» የሚለው ደንብ ሌላም አደገኛ ጥግ አለው። መሬት ላይ ጠመንጃም አለ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2014 ክራይሚያን በያዘች ጊዜ፣ የክፍት ካርታው አወዛጋቢ ጉዳዮችን የሚያይ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የሁለቱም አገሮች ወሰን እንዲቀመጥ ወሰነ። በኖቬምበር 2018 ደግሞ መሬት ላይ ያለው ገዢ ሩሲያ ነው በማለት በእሷ ሥር ብቻ እንዲሆን አደረገ። ጩኸቱ ቀለጠ፤ በወሩ የድርጅቱ ቦርድ ውሳኔውን ሽሮ ወደ ቀድሞው መለሰው። ደንቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደንቡን ያነበቡት ሰዎች ትዕግሥት ነው። ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ወጡ፤ በኅዳር መጨረሻ ተመለሱ። በእነዚያ ሳምንታት መሬት ላይ የነበረው ምንድን ነው ቢባል፣ የወታደሩን ዓይነት የሚነግርህ አለ፤ ቤቱን ዘግቶ የቀረው ሰው ግን ሰፈሩን በስሙ ነበር የሚጠራው። ካርታ ሠሪ ከሁለቱ የማንን ቃል እንደሚሰማ መወሰኑ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም።

በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሎች አሉ። ደም የተቃባን ሰው ሲያስታርቁ ድምፅ አይቆጥሩም፤ የተበደለው ወገን እሺ እስኪል ይመላለሳሉ። ይህን ያነሣሁት ካርታ በአበጋር ይሠራ ለማለት አይደለም፤ በየሱቁ ስም አንድ ዓመት ይፈጅ ነበር። የድምፅ ቆጠራው አንድ ሰው እንደሚረሳ ለማሳየት ነው፤ ያልመጣውን። ስለ ገበያ መለያ ከሚከራከሩት መካከል በርበሬ ሰፍራ የምትሸጠው እናት የለችም። ኮምፒዩተር የላትም፤ ቢኖራትም ክርክሩ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። የተሰበሰቡት ሁሉ ቢስማሙ ስምምነቱ የእነሱ ነው፤ ገበያው ግን የእሷ ነው።

ያልመጣውን ሄዶ መጠየቅ አዲስ ነገርም አይደለም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ አስመጣቸው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ያ አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ይሁንና በ1683 የወጣው ካርታው ከዚያ በፊት ከነበሩት የተሻለ የሆነው፣ ሌሎች ከመርከበኛና ከተጓዥ አፍ የለቀሙትን የቦታ ስም እሱ የአገሩን ሰው ጠይቆ ስለጻፈ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ካርታውን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ቀሩ።

በጎ ፈቃደኞቹን ላለመበደል አንድ ነገር መመስከር ይገባል። በካርታቸው ላይ እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳደረገው ተመዝግቦ ይቀራል። ስም የለወጠ ሰው ተደብቆ አያመልጥም፤ ሌላው መጥቶ «ለምን?» ሊለው ይችላል። ከማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ መልስ ያገኘ አንባቢ ካለ ይንገረን። አንዳንዴ ክርክሩ እስከ ፊደል ይወርዳል። የሐይቅን ከተማ አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፋታል፤ ሌላው በሃሌታው ሀ ያርመዋል። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ፊደላቱን አንድ ናቸው ተብሎ ያልተነገረው ማሽን፣ በሃሌታው የፈለገን ሰው «እንዲህ ያለ ከተማ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ስንት መቶ ዓመት የኖረ አገር በአንድ ሆሄ ጠፋ ማለት ነው! ያም ሆኖ ሁለቱም አጻጻፍ በየመዝገቡ ቢቀመጥ የሚጎዳ የለም።

እንግዲህ ሰኞ ገበያን እንዴት እንጻፈው? ገበያውን ገበያ ብሎ፣ የሚውልበትን ቀን ጨምሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ክፍለ ከተማውም አስተዳደሩ የሚያውቀው ወሰን ስላለው በመሥመር ይከበባል። የሚቀረው ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል ቢባል ሁለት ጎረቤቶች አይስማሙም፤ አንዱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያደርሰዋል፣ ሌላው ቤቱን አልፎ። በዚህ ጊዜ የክፍት ካርታ ሰዎች ዙሪያውን አይከቡም። በሰፈሩ መካከል ነው በሚሉት ቦታ አንዲት ነጥብ ያኖራሉ፣ ስሙን ከጎኗ ይጽፋሉ፣ ዳርቻውን ይተዉታል።