ምሰሶን ማልበስ

በአማርኛ «ምሰሶ» የሚለው ቃል ከእንጨትነት አልፎ የሰው መጠሪያ ሆኗል። ቤተሰቡን በጉልበቱና በገንዘቡ ደግፎ የያዘውን ሰው «የቤቱ ምሰሶ» እንለዋለን። ይህ አባባል በከተሞቻችን ብዙ ባለ ቤቶችን ከሚያሳስብ፣ ቀላል ከሚመስል ጉዳይ ጋር ይገናኛል፤ ይኸውም በሳሎን መካከል የቆመውን የኮንክሪት ዓምድ ወይም የብረት ቋሚ በምን እንሸፍነው የሚለው ነው። ጂፕሰም፣ ጣውላ፣ እብነ በረድ፣ እብነ በረድ መሳይ ፕላስቲክ፣ የቃጫ ገመድ፤ ምርጫው ብዙ ነው። ጥያቄው ግን የውበት ብቻ አይደለም። ሸክም የተሸከመን ነገር መሸፈን መቼ ጌጥ፣ መቼስ ውሸት ይሆናል?

እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ራስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው «ሰባቱ የኪነ ሕንፃ መብራቶች» በተሰኘው መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ ሰጥቷል። ሕንፃውን በእርግጥ ከደገፈው ሌላ ድጋፍ ያለ ማስመሰልን፣ እንዲሁም እንጨትን ቀብቶ እብነ በረድ ማስመሰልን ከማታለል ቆጥሯቸዋል። ያው ሰው ግን በሕንፃ ላይ የሚደረገውን የወርቅ ቅብ አልነቀፈም፤ ተመልካች ሕንፃውን ወርቅ ነው ብሎ አይወስደውምና። በጌጣጌጥ ላይ ሲሆን ግን ያው ቅብ ማታለል ነው ብሏል። እንግዲህ በራሱ መለኪያ ስንሄድ ማታለል የሚኖረው የሚታለል ሰው ሲኖር ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ዓምዱን እብነ በረድ መሳይ ፕላስቲክ ቢያለብስ እንግዳው ምንነቱን ያውቀዋል፤ የተጎዳም የለም። ስለዚህ ይህን ቤተሰብ በውሸት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የአካባቢያችን የግንባታ ልማድም ቢሆን መሸፈንን አይጠላም። በኬንያ ጠረፍ በምትገኘው በጥንታዊቷ ላሙ ከኮራል ድንጋይ የተሠራውን ግንብ በኖራ መለሰን የቆየ ልማድ ነው፤ ልስኑ ድንጋዩን ከእርጥበት ይከላከልለታል። በኢትዮጵያ የጭቃ ቤትም ምርጊቱ ቋሚውን እንጨት ይሸፍነዋል፤ ውስጡ እንጨት መኖሩን ግን ሕፃን እንኳ አይስተውም። የጎጆው መካከለኛ ምሰሶ ደግሞ ራቁቱን ይቆማል፤ የምድጃው ጢስ ያጠቁረዋል፣ ያው ጢስ መልሶ ተባይ ያርቅለታል። የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም ተሸካሚው ይጠበቃል እንጂ አይደበቅም።

ውሸቱ የሚጀምረው ሽፋኑ የተሸካሚውን ሕመም ሲሰውር ነው። በኮንክሪት ውስጥ ያለ ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንደ ጅቡቲ፣ ምጽዋና ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጨዋማው አየር ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል። የእንጨቱን ምሰሶ ደግሞ ምስጥ ድምፁን ሳያሰማ ይበላዋል። ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም፤ አደገኛውን ከማያሰጋው ለመለየት ግን መታየት ይኖርበታል። ባለንብረቱ የተሰነጠቀውን ዓምድ ሳያስመረምር አስውቦ ቤቱን ቢሸጥ ወይም ቢያከራይ የሸፈነው ኮንክሪቱን ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው አደጋ ጭምር ነው። «ቤቴ ነው፣ እንደ ወደድሁ አደርገዋለሁ» የሚለው ሙግትም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ጣሪያ ሲወርድ ባለቤትና ተከራይ አይለይምና።

ስለዚህ ሽፋን የሚመርጥ ሰው ከቀለሙና ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ዓምዱ ከመሸፈኑ በፊት ተመርምሯልን? ከተሸፈነ በኋላስ ተከፍቶ ሊታይ ይችላልን? በብሎን የታሰረ ጣውላ ወይም የሚፈታ ገመድ፣ ማንም ሊያየው እንዳይችል ተደርጎ ከተዘጋው ውድ እብነ በረድ በዚህ ረገድ ይሻላል።

ይህ መለኪያ በሰው ምሰሶ ላይም ይሠራል። ከዓረብ አገር በየወሩ ገንዘብ የምትልከውን እህት «አንቺ እኮ የቤታችን ምሰሶ ነሽ» እያልን በምስጋና እናለብሳታለን። ምስጋናው የሚገባት ጌጥ ነው፤ ማንም አይነፍጋት። ነገር ግን ውዳሴው በበዛ ቁጥር «ደክሞኛል» ማለት እንደ ውርደት የሚቆጠርባት ከሆነ በስንጥቅ ላይ ጂፕሰም እየለሰንን ነው። እውነተኛው ክብር ሸክሟ ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ፣ መልሱንም ሰምቶ ከሸክሙ ጥቂቱን መውሰድ ነው።