ጅራታም ኮከብና የጽሑፍ ታማኝነት

ሰው ፍሬውን በዕድሜው ለማያየው ሥራ ሊጠነቀቅ ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም በማይመረምረው ሥራ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

በቤተ ጉራጌ ያለውን ጀፎረ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። በመንደሩ መካከል የተዘረጋው ያ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ለከብቱም ለሠርጉም ለልቅሶውም ይበቃል፤ መጀመሪያ የለካውን ሰው ግን በስሙ የሚያውቀው የለም። እንሰትን ለምሳሌ አላነሣም፤ ብዙ ዓመት ቢያስጠብቅም ተካዩ ቆጮውን ለመብላት ተስፋ ያደርጋልና።

ከጀፎረ የሚበልጠውን ምሳሌ ያገኘሁት ከሰማይ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1682 አንድ ጅራታም ኮከብ ተመለከተ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ኮከብ ብዙዎች የመቅሠፍት ምልክት ነው የሚሉት እንግዳ ነበር። ሃሌይ ግን የቀደሙትን ሰዎች ጽሑፍ እያገላበጠ፣ በኒውተን የስበት ሕግ የ24 ጅራታም ኮከቦችን መንገድ አሰላ። በ1531 ፔትሩስ አፒያኑስ፣ በ1607 ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር ያዩት ኮከብ መንገዱ እርሱ ካየው ጋራ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ኮከብ ናቸው፤ በ75 ወይም በ76 ዓመት ፀሐይን ዞሮ ይመለሳል፤ በ1758 ግድም ይታያል ብሎ ጻፈ። ሃሌይ በ1742 ሞተ። በ1758 በልደት በዓል ሌሊት ፓሊች የተባለ ጀርመናዊ ገበሬ ኮከቡን አየው። ገበሬ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ሃሌይን ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን አብዝቼ የማስበው አፒያኑስን ነው። ኮከቡ ተመልሶ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ጽሑፉን ማን እንደሚፈልገውም አያውቅም። ያየውን ግን እንዳየው ጻፈ። ሰውን ለማስደነቅ ጥቂት ቢጨምርበት ኖሮ ማን ይከሰው ነበር? ከ150 ዓመት በኋላ ግን የአንድ ሰው ስሌት ይበላሽ ነበር፤ ያም ሰው ስሌቱ ስለ ምን እንደ ተበላሸ ሳያውቅ ይቀር ነበር።

ኮከቡ በ1902 ዓ.ም. ሲመለስ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በመጋቢት ከሥልጣን ተወግደዋል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛም በሚያዝያ መጨረሻ ሞቷል። ምልክት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ይበቃው ነበር። በሠለጠነው አገር እንኳ ምድር በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች ሲባል መርዙን ፈርተው ክኒን የገዙ ነበሩ። ኮከቡ ግን የመጣው በተሰላለት ጊዜ ነው እንጂ ስለ ማንም ንጉሥ ብሎ አይደለም። ይህንንም ያወቅነው ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በጻፉት ሰዎች ነው። እንግዲህ ለሚመጣው ትውልድ በጥንቃቄ መሥራት ቸርነት ሳይሆን ዕዳ ነው እላለሁ፤ ካለፉት ተበድረናልና።

በ1978 ዓ.ም. በመጋቢት መጀመሪያ፣ በአታት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን ከንጋት በፊት አውጥቼ ወደ ደቡብ ሰማይ አሳየኋቸውና ያዩትን እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። በዚያ ዓመት ኮከቡ ደብዛዛ ነበር። አንዱ ልጅ ግማሽ ሰማይ የሚያህል የእሳት ጅራት ጻፈ፤ ሥዕሉን በመጽሐፍ አይቶታል። ሌላው «ከሩቅ ቤት ጣሪያ እንደሚወጣ ጢስ ያለ፣ ትኵር ብለው ሲያዩት የሚጠፋ» ብሎ ጻፈ። የበለጠውን ማርክ ለሁለተኛው ሰጠሁ። የመጀመሪያው ተቈጥቶ፣ «መምህር፣ የእኔ ያምራል እኮ! ደግሞስ እስኪመለስ 76 ዓመት ነው፤ ማን ያመሳክረዋል?» አለኝ። ብልህ ልጅ ነበር፤ ጥያቄውም ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ ሆኖኛል።

ያ ኮከብ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከኔፕቱን ማዶ፣ ከፀሐይ እጅግ ከሚርቅበት ስፍራ ደርሶ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። በሐምሌ 2053 ዓ.ም. ለፀሐይ ይቀርባል። እኔ ያን ጊዜ አልኖርም፤ እናንተ ወጣቶች ግን ቢፈቀድላችሁ ታዩታላችሁ። ሐምሌ በአታት የጭጋግና የዝናም ወር ነው። ደመናው ቢከለክላችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስፍራችሁ ደመና ከለከለን ብላችሁ ጻፉ።